የማልት ኤክስትራክት ቢራዬ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል፤ ለፋሲካ እንዴት ላስተካክለው?

የጀልባ ሞተር (ባህር ዳር) — የካቲት 28

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባህር ዳር፣ ሹም አቦ አካባቢ ነኝ። ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሦስት ጊዜ ጠምቄ አንዱም ልቤን አልሞላውም።

ነገሩን ያስጀመረችኝ እህቴ ናት። ውጭ ነው የምትኖረው። አምና ስትመጣ በሻንጣዋ ሁለት ጣሳ ማልት ኤክስትራክት (ከብቅል የተጨመቀ ወፍራም ፈሳሽ)፣ ሃይድሮሜትር (የስኳሩን መጠን መለኪያ)፣ ቴርሞሜትርና የቆርኪ መግጠሚያ ይዛልኝ መጣች። ቆየት ብላ ደግሞ አምስት ኪሎ ደረቅ (ዱቄት) ኤክስትራክት፣ ሆፕ (እንደ ጌሾ መራራነት የሚሰጥ የቢራ አበባ) እና እርሾ በሰው ላከችልኝ። ግማሹን በሦስተኛው ዙር ተጠቀምኩበት። አሁን የቀረኝ 2.5 ኪሎ ዱቄት፣ 80 ግራም ሆፕ እና ሁለት እሽግ ደረቅ እርሾ ብቻ ነው። እሷ ለፋሲካ ትመጣለች። በራሷ ዕቃ የተጠመቀ ደህና ቢራ ባቀርብላት ደስ ይለኛል። ይሄ ከተበላሸ ሌላ መሞከሪያ የለኝም።

ችግሩን ልንገራችሁ። ሦስቱም ዙር አንድ ዓይነት ሽታ አላቸው። የፕላስቲክ ይመስላል፣ የቁስል ፕላስተርም ይመስላል። እናቴ ጠላ ጠማቂ ናት፤ እኔም በጥንስስ ሽታ ውስጥ ነው ያደግኩት። የሦስተኛውን ዙር በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠኋት። አፍንጫዋ ስር አድርጋ ትንሽ ቆየች። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል» አለችና ሳትቀምሰው መለሰችልኝ። ጠላ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን እዚያው ትነግረኝ ነበር። ብቅሉ አነሰ፣ ጌሾው በዛ፣ አሻሮው አረረ ትላለች። ለዚህኛው ግን መልስ አልነበራትም።

ሌሎቹም ችግሮች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ውሃ ውሃ ይሉ ነበር፤ መጨረሻቸው ላይ የፖም ጭማቂ የሚመስል ጉምዝዝ ያለ ነገር አላቸው። ሦስተኛው ደግሞ ቀይ ሻይ መሰለ፤ የምግብ አሠራሩ ወርቃማ ይሆናል ነበር የሚለው። መራራነቱም የለም ማለት ይቻላል። ጠርሙሱ ሲከፈት ግማሹ በአረፋ ይወጣል።

አንድ ሌላ ጥያቄም አለኝ። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን? ውሃ ተንተክትኮ እየፈላ 94 ዲግሪ ላይ ይቆማል። መቶ መድረስ አልነበረበትም?

---

ዋንዛ ጥላ — የካቲት 28

ወንድሜ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት እነዚህን ንገረን። ባልዲውን በምንድን ነው የምታጥበው? ባልዲው የሚቀመጥበት ክፍል ሙቀቱ ስንት ነው? እርሾውን የምትጨምረው ምን ያህል ሲቀዘቅዝ ነው? በሁለቱ ጣሳዎች ስኳር ጨምረሃል? ዱቄቱን ስንት ሰዓት አፈላኸው፣ በምን ያህል ውሃ?

---

የጀልባ ሞተር — የካቲት 29

አመሰግናለሁ። በተራ ልመልስ።

ባልዲውን፣ ቱቦውንና ጠርሙሱን የማጥበው በበረኪና ነው። ንጽህና ዋናው ነገር ነው ስለተባልኩ በረኪናውን ጠንከር አደርገዋለሁ። ከዚያ በቧንቧ ውሃ አንዴ አለቀልቀዋለሁ።

ክፍሉ የኋላ ዕቃ ቤት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ትናንት ከሰዓት ለካሁት፣ 29 ነው። ሌሊት ወደ 22 ይወርዳል።

እርሾውን የምጨምረው ድስቱን በእጄ ነክቼ ለብ ሲል ነው። አንዴ ለክቼው 36 ነበር። እሽጉ 11 ግራም ነው፣ አንዱን እሽግ ለ20 ሊትር።

ጣሳዎቹ እያንዳንዳቸው 1.7 ኪሎ ናቸው። ወረቀቱ አንድ ኪሎ ስኳር ጨምር ይላል፣ ጨመርኩ፤ በውሃ 23 ሊትር አደረስኩት። የሦስተኛውን ዙር ዱቄት ሁሉንም በስምንት ሊትር ውሃ አንድ ሰዓት አፈላሁት፤ ሆፑም አብሮ ነበር። ከዚያ በቧንቧ ውሃ 20 ሊትር ሞላሁት። ጠርሙስ ውስጥ ስጨምር ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርጌያለሁ።

---

የቤዛዊት ሰው (ባህር ዳር) — የካቲት 29

ወንድም ጋሼ፣ እኔም እዚሁ ባህር ዳር ነው የምጠምቀው፣ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ሰነፍ ጠማቂ አይደለህም። ወረቀቱ የሚለውን በሙሉ አድርገሃል፤ ወረቀቱ ግን የተጻፈው ለሌላ አገር አየር ነው።

ከቴርሞሜትርህ ልጀምር። አልተበላሸም፣ እንዲያውም ትክክለኛ ስለሆነ ደስ ይበልህ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም ቶሎ ይፈላል። እዚህ 94 አካባቢ ነው። ሽሮህም ክክህም በዚሁ ነው የሚበስለው።

ይሄ ግን ለሆፕህ ትልቅ ነገር ነው። ሆፕ ውስጥ ያለው አሲድ መራራ የሚሆነው ሲፈላ ነው፤ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ለውጡ ይዘገያል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ60 ደቂቃ የሚገኘውን መራራነት እዚህ በ60 ደቂቃ አታገኘውም። እኔ የመጀመሪያውን ሆፕ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ አፈላዋለሁ። በዚያ ላይ ያንተ ድስት ውስጥ ስምንት ሊትር ላይ 2.5 ኪሎ ዱቄት ነበር። ወፍራም ስኳራማ ፈሳሽ የሆፕን መራራነት በደንብ አይቀበልም። መራራነቱ ያነሰው በሁለቱም ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። እናትህ ትክክል ናቸው፤ አፍንጫቸው ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ያ ሽታ ክሎሮፊኖል ይባላል። የበረኪና ክሎሪን ከብቅልና ከእርሾ ከሚመጡ ፊኖል ከሚባሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። በቢሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ቢኖር እንኳ አፍንጫ ያገኘዋል። የላስቲክ ባልዲ ውስጡ የተጫረ ከሆነ በረኪናው ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ አንዴ ማለቅለቅ አያወጣውም። ባለፈው ዙርህ ደግሞ 12 ሊትር የሚሆን ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ጨምረሃል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪን አለው።

ስለዚህ በረኪናውን ከቢራ ዕቃህ አርቀው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዘህ እጠብ። የሽቦ ማጠቢያ እንዳትነካው። ከዚያ ከኮሮና ወዲህ በየፋርማሲው የምናገኘውን 70 በመቶ አልኮል በመርጫ ጠርሙስ አድርግና ሁሉን ቦታ እርጭ። ጄሉን ማለቴ አይደለም፤ ጄሉ ውስጥ ሽቶና ማለስለሻ አለ። ውሃ የመሰለውን ቀጭኑን ነው። ሁለት ደቂቃ ጠብቅና እንዲደርቅ ተወው። ይህን ስታደርግ ቡታጋዙ መጥፋት አለበት፤ አልኮል ነው፣ ይነድዳል። ባልዲው ውስጡ በጣም ከተጫረ ግን ለውጠው። የባልዲ ዋጋ ከእህትህ ድካም አይበልጥም።

ለመሙያ የምትፈልገውን ውሃ ደግሞ ከዋዜማው ክዳን ሳትከድን ሃያ ደቂቃ አፍላው። ክሎሪኑ ይሄዳል። ቀዝቀዝ ሲል በታጠበና አልኮል በተረጨ ሃይላንድ ሙላና ፍሪጅ አስገባው።

ሙቀቱን መጨረሻ ያመጣሁት ከሁሉም ስለሚበልጥ ነው። ከስምንት ዓመቴ ውስጥ ሁለቱን ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የአሌ (እኛ የምንጠምቀው የቢራ ዓይነት) እርሾ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ነው ደስ የሚለው። ክፍልህ 29 ከሆነ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ያለው ከዚያ ይበልጣል፤ እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። በዚያ ሙቀት እርሾው ይጣደፋል፣ ከባድ አልኮልና የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ያመርታል። በ36 ዲግሪ እርሾ መጨመርህ ገና ከመነሻው ያንን አስጀምሮታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው ጣዕሙን የሚወስኑት። ያን ሦስት ቀን ካቀዘቀዝከው በኋላ ላይ ትንሽ ቢሞቅ ግድ የለም።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ባልዲውን ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሳፋው ውስጥ ውሃ እጨምራለሁ፣ እስከ ባልዲው ሲሶ። አሮጌ ነጠላ በባልዲው ዙሪያ እጠመጥማለሁ፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ከፊቱ ፋን እከፍታለሁ። መብራት ሲጠፋ መስኮት እከፍታለሁ። ነጠላው ውሃውን እየሳበ ይተናል፣ ባልዲው ይቀዘቅዛል። በመጋቢት አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ በሐምሌ አይሠራም፣ ያኔ ደግሞ አያስፈልግም። ጠዋትና ማታ ፍሪዘር ውስጥ የከረመ የሃይላንድ በረዶ ሁለት ሁለት ሳፋው ውስጥ እጥላለሁ። በዚህ 19 እና 20 ላይ ይዤው አውቃለሁ። ዕቃ ቤቱንም ተወው፤ ቆርቆሮ ስር ቢራ አይቦካም። መኝታ ቤትህ ቢሆን ይሻላል።

---

እንስራ ተሸካሚዋ (ዘጌ) — የካቲት 30

እኔ ቢራ ጠምቄ አላውቅም። ጠላ ግን ከእናቴ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ጋሼ ስለ ነጠላው የጻፉትን ሳነብ የእንስራ ውሃ ትዝ አለኝ። እንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ስለሚያልበው ነው። አፈሩ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ባልዲ አያልበውም፣ ስለዚህ ነጠላ ታለብሰዋለህ ማለት ነው። ነገሩ ያው ነው።

አንተ የጠማቂ ልጅ ነህና ይሄን ታውቀዋለህ፤ ግን ለቢራው አልተጠቀምክበትም። እናትህ ጥንስሱን በየወሩ አንድ ቦታ ነው የምታስቀምጠው? የእኔ እናት አይደለም። በሚያዝያ ከቤቱ በስተሰሜን ግድግዳ ሥር፣ መሬቱ እርጥብ የሆነበት። በሐምሌ ምድጃው አጠገብ። ሌሊት ተነስታ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ታደርጋለች። ጥንስሱ ሲሠራ ጭስስስ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ድምፁ ከበዛ «ሞቀው» ትልና ጆንያ አርሳ ትጠቀልለዋለች። ቴርሞሜትር የላትም። ጆሮዋ ግን አንድም ጊዜ አሳስቷት አያውቅም። ቢራህም እርሾ ነውና ድምፅ ይኖረዋል። ስማው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ጠላ ልምድ ነው ብለህ ባልዲውን በወይራ እንዳታጥነው። ጋን አፈር ነው፣ ጭሱን ይቀበላል፣ ተሐዋሲውንም ያጠፋል፣ ጣዕምም ይሰጣል። ላስቲክ ጭሱን ይዞ ይሸታል። በግራዋ ማጠቡም ለጋን ነው፤ ቅጠሉ ሸካራ ነው፣ ባልዲህን ይጭረዋል። ጌሾም አትጨምርበት። የዘጌ ጌሾ ስም ያለው ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እህትህ ሆፕ ልካልሃለች። የሷን ቢራ በሆፕ ሥራላት፣ ጌሾውን ጠላ ላይ።

---

ሚኒሶታ ያለሁት — መጋቢት 1

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባህር ዳር ነው፣ አሁን አሜሪካ ነኝ፤ በኤክስትራክት ብቻ ነው የምጠምቀው። የቤዛዊት ሰው ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን ልጨምር። 90 ደቂቃ የሚፈላው ሆፑ እንጂ ኤክስትራክቱ መሆን የለበትም።

ኤክስትራክት ማለት ፋብሪካ ውስጥ ከብቅል ተጨምቆ፣ ውሃው ተንኖ የወጣለት ነው። ያንን የምንጨነቅበትን የብቅል ሥራ ሌላ ሰው ጨርሶልሃል። ወፍራም አድርገህ ረጅም ሰዓት ስታፈላው ስኳሩና ፕሮቲኑ ተያይዘው ይጠቁራሉ፤ ሽንኩርት ሲጠበስ ቀለሙ እንደሚለወጠው። ሻይ የመሰለብህ ለዚህ ነው። ስለዚህ ከ2.5 ኪሎው 750 ግራሙን ብቻ በአሥር ሊትር ውሃ አድርግ። ሆፑን በዚያ አፍላው። ቀጭን ስለሆነ መራራነቱንም በደንብ ይወስዳል። የቀረውን 1.75 ኪሎ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጋዙን አጥፍተህ ጨምረው፣ አማስለህ መልሰህ አፍላው። ጋዙን ሳታጠፋ ከጨመርክ ዱቄቱ ታች ወርዶ ያራል፣ አረፋውም ይገነፍላል።

ዱቄቱ እንፋሎት አይወድም። ከላስቲኩ በቀጥታ ድስት ላይ ካፈሰስከው እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣና ዱቄቱ አፉ ላይ ይረጋል፤ እንደ በሶ ይጓጉላል፣ ማንኪያው ላይ እንደ ከረሜላ ይጣበቃል። በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቀድመህ መዝነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ገልብጠውና በማማሰያ አሽው። ጉጉሉ ቢኖርም አትጨነቅ፣ ሲፈላ ይሟሟል።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ለ1.7 ኪሎ ጣሳ አንድ ኪሎ ስኳር በጣም ብዙ ነው። ከሚቦካው ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ሆኗል ማለት ነው። ስኳር ተሟጦ አልኮል ይሆናል፣ የሚተወው አካል የለውም። ውሃ ውሃ ያለህ ለዚያ ነው። አሁን ሙሉ በሙሉ ዱቄት ስለሆነ ይህ ችግር አይኖርብህም። 2.5 ኪሎ በ20 ሊትር 1.046 አካባቢ ይሰጥሃል። ቁጥሩን ሃይድሮሜትሩ ላይ ካላየኸው በደንብ አልተማሰለም ማለት ነው፤ ስኳሩ ታች ተኝቷል።

ሆፑ የት ነው የተቀመጠው? 29 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ወራት ከቆየ መራራነቱ ቀንሷል። ዛሬውኑ አየሩን አስወጥተህ ፍሪዘር አስገባው። እርሾውንም ፍሪጅ።

እህትህ ደግሞ ለሚቀጥለው ስትልክ ጣሳ ሳይሆን ዱቄት ትላክ። ፈሳሹ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ያረጀ ጣዕምም ያመጣል። በሻንጣ ኪሎ ቢቆጠርም ዱቄት ያዋጣል፤ ፈሳሹ ውስጥ ሃያ በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ከዚህ ጋር ቮስ የሚባለውን ክቫይክ እርሾ አንድ ሁለት እሽግ ትጨምርልህ። የኖርዌይ ገበሬዎች ትውልድ ለትውልድ ያቆዩት የቤት እርሾ ነው። ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ያለ ምንም መጥፎ ሽታ ያቦካል፣ ትንሽ የብርቱካን መዓዛ ይሰጣል። ለሚያዝያ ባህር ዳር ከእሱ የተሻለ እርሾ አላውቅም።

---

የጀልባ ሞተር — መጋቢት 1

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አሁን ፍሪዘር አስገባሁት። የዘጌዋ እህቴ የጻፈችውን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ጋኑን ጓዳ የማስገባው ለምን መሰለህ?» አለችኝ። ለካ ሁሌም ከፊቴ ነበር።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ድስቱን ከ94 ወደ 20 እንዴት ላውርደው? የቧንቧችን ውሃ ራሱ 24 ነው። ሁለተኛ፣ የአረፋው ጉዳይ።

---

የቤዛዊት ሰው — መጋቢት 2

መጀመሪያ የሚኒሶታው ልጅ እውነት ብሏል። ኤክስትራክቱን መጨረሻ ላይ መጨመሩ ይሻላል። እኔ ሁሉንም አብሬ ነበር የማፈላው፤ ጥቁር ቢራ ስለምወድ አላስቸገረኝም። ላንተ ግን የሱን ዘዴ ያዝ።

ማቀዝቀዣው በሁለት ደረጃ ነው። ድስቱን ከድነህ የቧንቧ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጥ። ውሃው ሲሞቅ ቀይር፣ ሦስት አራት ጊዜ። ዎርቱን (ገና ያልቦካውን የብቅል ውሃ) በንጹሕ ጭልፋ ቀስ ብለህ አዙረው። እስከ 35 በዚህ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ብዙ አትድከም። አሁን ፍሪጅ ያደረውን የፈላ ውሃህን አምጣ። አሥር ሊትር በ35 እና አሥር ሊትር በ5 ዲግሪ ቢቀላቀሉ 20 ይሆናሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ እኔም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ከላይ ከፍ አድርገህ አፍስሰው፣ አየር ይግባበት፤ እርሾ መጀመሪያ ላይ አየር ይፈልጋል። ከቦካ በኋላ ግን ቢራው አየር እንዳያገኝ፤ በቱቦ ከአንዱ ዕቃ ታች ወደ ሌላው ዕቃ ታች ብቻ።

አረፋው ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ ነው። በ330 ሚሊ ጠርሙስ ይሄ በሊትር 12 ግራም ይሆናል። የሚበቃው በሊትር 6 ግራም ነው። በእጥፍ ጨምረሃል። በየጠርሙሱ ማንኪያ አትጨምር። ለ18 ሊትር 108 ግራም ስኳር በሚዛን ለካ፣ በአንድ ስኒ ውሃ አፍላው፣ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ጨምርና ቢራውን በቱቦ በላዩ ገልብጠው። ሁሉም ጠርሙስ እኩል ይደርሰዋል።

ከዚያ በፊት ግን ሃይድሮሜትሩን እየው። ሦስት ቀን ተከታትሎ አንድ ቁጥር ካላሳየህ እንዳታሽግ። የምር ነው የምልህ። ያልጨረሰ ቢራ ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። ለመለኪያ አንዱን በላስቲክ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሙላ። ጫን ስትለው እንደ ድንጋይ ከሆነ ጋዙ ገብቷል ማለት ነው።

---

ዋንዛ ጥላ — መጋቢት 2

ጠርሙሱ ቡናማ ይሁን። የባህር ዳር ፀሐይ በአረንጓዴና በነጭ ጠርሙስ ውስጥ ሆፑን በደቂቃዎች ያበላሸዋል፣ ሽታው ይገማል። የጠርሙሱን አፍ በጣትህ ዙረው፤ ትንሽ የተሸረፈ ካለ ጣለው።

---

የጀልባ ሞተር — ሚያዝያ 8

እንኳን አደረሳችሁ። ዘግይቼም ቢሆን ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግኩም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ ጠመቅሁ። አዲስ ባልዲ ገዛሁ፤ አሮጌውን ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ውስጡ ድር የመሰለ ጭረት ነበረው። በረኪና ወደ ቤቱ አልገባም። አልኮሉን ረጨሁ፣ ጋዙ ጠፍቶ። ከ750 ግራሙ ጋር 40 ግራም ሆፕ ለ80 ደቂቃ፣ 25 ግራም ደግሞ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው። የቀረውን ዱቄት ስገለብጠው የዘነጋሁት ነገር ቢኖር ማማሰያውን ማድረቅ ነበር፤ ጫፉ ላይ እፍኝ የሚሞላ ጉጉል ሆኖ ተጣበቀ። ሲፈላ ሟሟ። ቀለሙ ወዲያው አስደሰተኝ። የደረቀ ገለባ ዓይነት ነው።

ድስቱ 34 ሲደርስ የፍሪጁን ውሃ ጨመርኩ። 20 ሆነ። ሃይድሮሜትሩ 1.045 አለ። እርሾውን ጨምሬ ባልዲውን መኝታ ቤት አስገባሁት፣ ሳፋ ውስጥ። ነጠላውን የሰጠችኝ እናቴ ናት። ራሷ ነች ያለበሰችው፤ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ጫፉን ውሃው ውስጥ ነከረችው።

እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። መብራት የለም፣ ፋኑ ቆሟል። እናቴ ሳፋው አጠገብ በሻማ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ክዳኑ ላይ ነው። «ፈጠነ» አለችኝ። ቴርሞሜትሩን ሳየው 23 ደርሷል። ሁለት በረዶ ጨመርን፣ መስኮቱን ከፈትን። ሲነጋ 20 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከ21 አልዘለለም።

በ14ኛው ቀን 1.012 ላይ ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተነቃነቀም። በ107 ግራም ስኳር አሸግኩት። የአምቦው ላስቲክ በስምንተኛው ቀን ደነደነ።

ፋሲካ ዕለት እህቴ ዶሮውን ከበላች በኋላ ከፈትኩላት። አልገነፈለም። አረፋው ነጭ ሆኖ ብርጭቆው ላይ ቆየ። ቀመሰችው፣ ዝም አለች፣ ደግማ ቀመሰችው። «ይሄንን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ። ጠርሙሱን አገላብጣ መለጠፊያ ፈለገች።

ለእናቴም ቀዳሁላት። እንደ በፊቱ አፍንጫዋ ስር አደረገችው። ትንሽ ጠጣች። «ክሊኒኩ ወጥቷል። መራራው ግን ትንሽ ይጎድለዋል፣ ጌሾ ቢሆን ጨምር እልህ ነበር» አለች። ልክ ናት። ሆፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለከረመ ይመስለኛል። ለሚቀጥለው 50 ግራም አደርገዋለሁ።

እህቴ ስትመለስ ቮስ እርሾ እንደምትልክልኝ ቃል ገብታለች። የቤዛዊት ጋሼ፣ ስድስት ጠርሙስ አስቀምጬልዎታለሁ። ወደ ሹም አቦ ብቅ ካሉ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ፣ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ለዘጌዋ እህቴም ሁለት አለሽ፤ ጀልባ በሚሄድበት ቀን ከአንድ ካፒቴን ጋር እልክልሻለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው።